ጅማ ላይ የፍቺ ስምምነትና ቀለብ፦ ፍርድ ቤቱ ምኑን ነው የሚያየው?

ባልና ሚስት ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ቤቱ ላንቺ ባጃጇ ለኔ ተባብለው ወረቀት ከፈረሙ በኋላ ነገሩ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ ጅማም ላይ ያው ነው። ወረቀቱ ግን ፍርድ ቤት ቀርቦ እስኪጸድቅ ድረስ ስምምነት እንጂ ፍቺ አይደለም፣ ዳኛውም ማህተም አድርጎ ለመመለስ ብቻ አይደለም የተቀመጠው።

መጀመሪያ የትኛው ሕግ ነው የሚሠራው የሚለው ያምታታል። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ አውርዶ የሚያነበው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የፌዴራል ነው፣ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ። ጅማ ኦሮሚያ ስለሆነች የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 69/1995 ነው የሚመለከታት። ይዘታቸው ይቀራረባል፣ እኔ ከዚህ በታች አንቀጽ ስጠራ የፌዴራሉን ቁጥር ነው፣ ማመልከቻ ላይ ግን እሱን ገልብጣችሁ እንዳትጽፉ። ጉዳዩ ወረዳ ፍርድ ቤት ይጀመራል፣ ይግባኙ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቋንቋውን የማይችል ሰው ችሎት ላይ አስተርጓሚ ይቆምለታል፤ ስምምነቱ ራሱ በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ ከሆነ ግን ከመፈረሙ በፊት መስመር በመስመር የሚተረጉምለት ሰው ይፈልግ፣ "ያው የተባባልነው ነው" ብሎ መፈረም ብዙ ሰው አስለቅሷል።

ሙስሊም ተጋቢዎች ሸሪዓ ፍርድ ቤትም መሄድ ይችላሉ፣ ጅማ ላይ ብዙዎች የሚመርጡትም እሱን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34(5) በሃይማኖት ሕግ መዳኘትን የሚፈቅደው ግን ሁለቱም ወገን ሲስማሙ ነው፣ አንዷ እምቢ ካለች ባልየው ብቻውን ሊጎትታት አይችልም። እዛ የሚነሱት መህር (ባል ለሚስቱ በጋብቻው የሚሰጣት)፣ ነፈቃ (ቀለብ)፣ የዒዳ ጊዜ (ሴቷ ከፍቺ በኋላ ሌላ ሳታገባ የምትቆይበት) ወጪ ምናምን የራሳቸው ሥርዓት አላቸው።

መደበኛው ፍርድ ቤት ጋ ስንመለስ፣ በስምምነት ለሚፋቱ ሰዎች ለምን ተፋታችሁ ብሎ ምክንያት ማስገደድ የለም። ዳኛው ለየብቻም አብሮም ያናግራቸዋል፣ ሐሳባቸውን እንዲያዩት ቢበዛ እስከ 3 ወር የማሰቢያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ለየብቻ የማናገሩ ነገር ትልቅ ነው፣ ባሏ ጎን ተቀምጣ "አዎ ተስማምቻለሁ" ያለች ሴት ብቻዋን ስትጠየቅ ሌላ ነገር ልትናገር ትችላለች። አንቀጽ 80 ላይ ሁለት ነገር ነው የሚታየው፦ ፈቃዳቸው የእውነት ነው ወይ፣ ውሉስ ከሕግና ከሞራል ጋር አይጋጭም ወይ። ውሉ የልጆቹን ደህንነት ወይም የአንደኛውን ጥቅም በደንብ ካላስጠበቀ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ የጎደለውን ራሱ ማስተካከል ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ደግሞ ቀለብ ነው። "እናት ልጆቹን ይዛ ትሄዳለች፣ ወደፊት ቀለብ አትጠይቅም" የምትል አረፍተ ነገር አለች፣ ቶሎ ለመገላገል ወይ ቤቱን ለማስቀረት ሲባል ትገባለች። ችግሩ የልጅ ቀለብ የልጁ እንጂ የእናትየው ገንዘብ አይደለም፣ በሌላት መብት ልትደራደር አትችልም፤ ለዚህ ነው ጥሩ ዳኛ እዛች መስመር ላይ ሲደርስ የሚያቆመው። ለራሷ ለሚስትየው ግን ሌላ ነው፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ቀለብ ሊታዘዝላት ይችላል፣ ከፍቺ በኋላ ግን የምትይዘው የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው፣ የፍቺው ምክንያት ባልየው ከሆነ ደግሞ ካሳ ሊጨመር ይችላል (አንቀጽ 84)።

መጠኑ የጠያቂው ፍላጎትና የከፋዩ አቅም ተመዛዝኖ ነው የሚወሰነው። ደሞዝተኛ ከሆነ ቀላል ነው፣ ለመሥሪያ ቤቱ ይጻፍና ከፔሮል ይቆረጣል። (የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ ከወር ደሞዙ ከአንድ ሦስተኛ በላይ አይቆረጥም።) ቡና ያለው ሰው ጋ ነው ነገሩ የሚከብደው። እንበል አባትየው ጅማ ዞን ውስጥ ጎማ ወይ ማና ወረዳ ላይ ትንሽ የቡና መሬት አለው፣ ብሩ የሚገባው ቡና ሲለቀም ከጥቅምት ጀምሮ ነው፣ ሐምሌ ላይ ኪሱ ባዶ ነው፣ ልጁ ግን ሐምሌም ይበላል መስከረም ላይ ደግሞ ደብተርና ዩኒፎርም ይፈልጋል። "በየወሩ 2,000 ብር" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ክረምት ላይ መቋረጡ አይቀርም፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ቡናው ሲሸጥ ጠቀም ያለ ብር፣ በሌላው ወር አነስ ያለ ተብሎ ቀኑ ተቆርጦ ቢጻፍ ነው የሚሻለው። ኑሮ ሲወደድ ወይ የከፋዩ ገቢ ሲለወጥ መጠኑ እንዲሻሻል ማመልከት ይቻላል።

አልከፍልም ያለ ሰው ላይ የአፈጻጸም መዝገብ (ውሳኔውን በግድ የሚያስፈጽም ፋይል) ይከፈታል፣ ያለ በቂ ምክንያት እምቢ ማለት ተበዳዩ ወገን አቤቱታ ካቀረበ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 658 ያስቀጣል። ማዘግየት ግን ለጠያቂዋም ጥሩ አይደለም፣ በፌዴራሉ ሕግ 3 ወር ሙሉ ሳይጠየቅ ያለፈ ውዝፍ ለመኖር የግድ ያስፈልግ እንደነበር ካልተረጋገጠ ከዚያ በኋላ አይከፈልም። ጠበቃ የመያዝ አቅም የሌላት ሴት የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጋ ብትሄድ ማመልከቻ ይጽፉላታል። አባትየው ደግሞ ጤፉንም ጫማውንም በእጁ እያቀበለ "እየቀለብኩ ነው" ቢል ችሎት ላይ ማስረጃ የለውም፣ በባንክ ያስገባ፣ ስሊፑን ያስቀምጥ።