ታፎኖሚ ምንድን ነው? አካል ከሞተበት ሰዓት እስከተገኘበት ቀን

ከጎንደር ወጣ ብሎ፣ ክረምቱ በናደው ገደል ሥር አጥንት ተገኘ እንበል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ ነው። የፖሊስ መርማሪውና የቅሪተ አካል ተመራማሪው ግን ከዚያ የሚያስቀድሙት ጥያቄ አላቸው፦ ይህ አጥንት እዚህ እንዴት ደረሰ? ከሞቱ ሰዓት ጀምሮ ማን ነካው? አውሬ በላው፣ ጎርፍ አመጣው ወይስ ሰው ቀበረው? ይህን የሚያጠናው ዘርፍ ታፎኖሚ ይባላል። ስያሜውን የሰጠው ኢቫን ኤፍሬሞቭ የተባለ የሶቪየት ኅብረት የቅሪተ አካል ተመራማሪ ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1940 ነበር።

ኤፍሬሞቭ ያሰበው ሚሊዮን ዓመታት ስላስቆጠሩ እንስሳት ነው። ቆይቶ ግን የነፍስ ግድያ መርማሪዎችም ያው እውቀት እንደሚያስፈልጋቸው ተረዱ። መዝገቡ ከተዘጋ ዘመን ያለፈው፣ ምስክሮቹ የሞቱ ወይም አገር ጥለው የሄዱ ግድያ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚቀረው አጥንትና አጥንቱ ያረፈበት አፈር ብቻ ነው። በእኛ አገር ገዳይ ለረጅም ዘመን ሲፈለግ የኖረው በአውጫጭኝ፣ ማለትም ሕዝቡን ሰብስቦ በማናገር ነበር። ሰው ሲያልቅ ግን ጠያቂው ወደ አጥንቱ መዞር አለበት።

አጥንት የሚናገረው በብዙ መንገድ ነው፤ ከሁሉ የሚልቀው ስብራቱ ይመስለኛል። ትኩስ አጥንት እንደ እርጥብ ቅርንጫፍ ነው፤ ሲመታ ጠምዘዝ ብሎ፣ ጠርዙ ለስልሶ ይሰበራል። ከደረቀ በኋላ ግን ቀጥ ብሎና ሸካራ ሆኖ ይቆረጣል፣ በቅርብ የተሰበረ ከሆነም የስብራቱ ገጽ ከቀረው አጥንት ይነጣል። ሰውየው ከተመታ በኋላ ሳምንታት ኖሮ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ መዶልዶምና አዲስ አጥንት ማብቀል ይጀምራል። ስለዚህ የራስ ቅል ላይ ያለ ቀዳዳ የድሮ ቁስል ይሁን፣ የሞቱ ምክንያት ይሁን፣ ወይም የቁፋሮው ዶማ ያደረሰው ጉዳት፣ በአብዛኛው መለየት ይቻላል። አስቸጋሪው ከሞት ጥቂት ቀደም ብሎ የደረሰውን ስብራት ጥቂት ዘግይቶ ከደረሰው መለየት ነው፤ አጥንት ነፍስ ከወጣ በኋላም ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ትኩስነቱን አይለቅም።

ጎንደር አካባቢ ጅብን ሳያስቡ ይህን ሥራ መሥራት አይቻልም። ጅብ የረጃጅም አጥንቶችን ጫፍ ቆርጥሞ ይበላል፣ መካከሉን ብዙ ጊዜ ይተዋል፤ ጥርሱ ጉድጓድና ሰፋ ያለ ቦይ ያወጣል። ቢላዋ ግን ቀጭንና ሹል መስመር ነው የሚተወው፣ በውስጡም በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ጭረቶች አሉ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ይባላል፤ የተበታተነ አጥንት አይቶ «ተቆራርጦ ተገደለ» ብሎ የሚደመድም መርማሪም ጅብ የሠራውን በሰው ላይ ሊያላክክ ይችላል። ንጹሕ ሰው የሚታሰረው፣ ገዳይም የሚያመልጠው እንዲህ ባለው ችኮላ ነው።

ጊዜንም አጥንቱ ላይ ማንበብ ይቻላል። የቅሪተ አካል ተመራማሪዋ አና ቤረንስማየር እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጥናት፣ በኬንያ አምቦሴሊ ሜዳ ላይ የወደቁ የእንስሳት አጥንቶች ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁባቸው እንዴት እየተሰነጠቁ፣ እየተላጡና እየተፈረፈሩ እንደሚሄዱ ከ0 እስከ 5 በደረጃ አስቀምጣለች። ለሕግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል የይርጋው ዘመን፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ጊዜ፣ 25 ዓመት ስለሆነ፣ ግድያው መቼ ተፈጸመ የሚለው ክሱን ሊያቆመው ወይም ሊጥለው ይችላል። ያለ ፍርድ መግደልንና ሰውን አስገድዶ መሰወርን በመሳሰሉት ላይ ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 ይርጋን ከልክሏል። ከደርግ ውድቀት በኋላ የአርጀንቲና የፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን አገራችን መጥቶ የጅምላ መቃብሮችን ሲከፍት ያገኘው ማስረጃ ለፍርድ ቤት ቀርቧል። ቀይ ሽብር ልጆቿን በበላባት በጎንደር፣ ሬሳ ሳይሰጣቸው የቀሩ ቤተሰቦች ለዚህ ሙያ ያላቸው ጉጉት ከማንም ይበልጣል።

የታፎኖሚ ሰዎች ከመረመሯቸው የግድያ መዝገቦች እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ በስፔን ሲማ ዴ ሎስ ዌሶስ ዋሻ የተገኘው የራስ ቅል ነው። 430 ሺህ ዓመት ዕድሜ ያለው ይህ ቅል ግንባሩ ላይ፣ ከግራ ዓይን በላይ፣ ቅርጻቸው የሚመሳሰል ሁለት ስብራቶች አሉት፤ አንዱም አልዳነም። መውደቅ አንድን ቦታ ሁለት ጊዜ በተለያየ አቅጣጫ አይመታም። ተመራማሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2015 ሟቹን የገደለው ሌላ ሰው ነው ብለዋል።

የእኛዋ ድንቅነሽ (ሉሲ) ነገር ግን እስካሁን አከራካሪ ነው። የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ አጥንቶቿን በሲቲ ስካን መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከረጅም ዛፍ ወድቃ ሞተች አሉ፤ የቀኝ ክንዷ ስብራት ሰው ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ የሚደርስበትን ይመስላል። ሌሎቹ ተመራማሪዎች ዶናልድ ጆሃንሰንና ቲም ዋይት አልተቀበሉም፤ ተመሳሳይ ስንጥቅ በሌሎች እንስሳት ቅሪተ አካላት ላይም አለ፣ ከሞት በኋላ አፈሩ ያደረሰው ነው ሲሉ ተከራከሩ። እኔ ክርክሩ ጤናማ ነው ባይ ነኝ፤ የ3.18 ሚሊዮን ዓመት መዝገብ በአንድ ጽሑፍ መዘጋት የለበትም።

ያው ካፕልማን በእኛው አካባቢም ሠርቷል። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ባለችው ጭልጋ፣ ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የጥንት የዝሆን ዘመዶችና አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች የነበሩት አርሲኖይቴሪየም ተገኝተዋል፤ አንዱ የዝሆን ዘመድ ጭልጋቴሪየም የሚለውን ስሙን ያገኘው ከቦታው ነው። በሽንፋ ወንዝ ዳርቻ ደግሞ ከ74 ሺህ ዓመት በፊት የኖሩ ሰዎች ያደኑትና የበሉት ቅሪት ተገኝቷል፤ እዚያው ንብርብር ውስጥ የኢንዶኔዥያው የቶባ እሳተ ገሞራ ያወጣቸው በዓይን የማይታዩ የመስታወት ቅንጣቶች ነበሩ። አጥንቱ ከአፈሩ ቀድሞ ተነሥቶ ቢሆን ያን ግንኙነት ማንም አያውቀውም ነበር።

ቅሪተ አካል ዋጋው ሲበዛ ወንጀል ይከተለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒውዮርክ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጨረታ የወጣበት የታርቦሳውረስ (ሥጋ በል ዳይኖሰር) አጽም ከሞንጎልያ የተሰረቀ መሆኑ የተረጋገጠው ዝርያው ከዚያ ውጭ ስለማይታወቅና የአጥንቶቹም ቀለም የጎቢ በረሃን ስለመሰከረ ነው። አጽሙ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ አገሩ ተመለሰ። አጥንት ወደ ቅሪተ አካል ሲለወጥ ከአፈሩ የሚመጥጣቸው ንጥረ ነገሮችም ከየት እንደወጣ ሊያመለክቱ ይችላሉ፤ ሌባ አጥንቱን ቢያጥበውም እነዚያን አያወጣቸውም።

እኛ ዘንድ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ ሳይነካካ እንዲጠብቅ ያዛል። ስለዚህ እርሻ ሲታረስ ወይም መሠረት ሲቆፈር አጥንት ከወጣ ቁፋሮውን ማቆም፣ አጥንቱን ካለበት አለማንሣት፣ ከነዙሪያው ፎቶ ማንሣት፣ ዝናብ ካሰጋ በላዩ ላይ ሸራ መወጠር፣ ከብትና ውሻ ማራቅ፣ ከዚያም ለቀበሌው ወይም ለፖሊስ ማስታወቅ ነው። የትናንት ሟች ይሁን የሚሊዮን ዓመት እንስሳ ለመለየት፣ መርማሪው መጥቶ አፈሩን ሳይረበሽ ማየት አለበት።