ስታርዲው ቫሊ ላይ ማን አስቸኮላችሁ? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስታርዲው ቫሊን ለማታውቁት ባጭሩ፦ የቢሮ ሥራ የሰለቸው ሰው አያቱ ያወረሱትን ጠፍ እርሻ ይዞ ፔሊካን ታውን የምትባል ትንሽ መንደር ይገባል። ያርሳል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ማዕድን ይቆፍራል፣ ከጎረቤት ይላመዳል፣ ካሻውም ያገባል። ጌሙን ኤሪክ ባሮን የሚባል አሜሪካዊ ብቻውን ከ4 ዓመት በላይ ለፍቶበት በ2016 እ.ኤ.አ. አወጣው። ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም፣ ኮዱም የእሱ እጅ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አይጠይቅም። አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል።

ታዲያ እንዲህ የተረጋጋ ጌም ጀምረው ሳምንት ሳይሞላቸው «በቃ አበላሸሁት፣ እንደገና ልጀምር» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ምን እፈርዳለሁ፣ እኔም ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያስቸኮለን ጌሙ አይደለም፤ ከዚህም ከዚያም የሰማነው ወሬ ነው።

«በሁለት ዓመት ውስጥ ካልጨረስክ አለቀልህ»

የችኮላው ሁሉ እናት ይህቺ ናት። መነሻዋ እውነት አለው። 3ኛው ዓመት በገባ በመጀመሪያው ቀን የአያት መንፈስ መጥተው እርሻችሁን ይገመግማሉ። ነጥቡ ከ21 ነው። 12 ካገኛችሁ መታሰቢያቸው ላይ 4ቱም ሻማዎች ይበራሉ።

ወሬው የሚዘለው ቀጣዩን ነው። ነጥቡ ካነሰባችሁ መታሰቢያው ላይ አንድ አልማዝ አስቀምጡ። አያት ተመልሰው መጥተው እንደ አዲስ ይገመግማሉ። በ5ኛው ዓመትም ይሁን በ10ኛው አይቆጡም። ሽልማቱም ያው ነው።

«አንድ ቀን ውሃ ካላጠጣህ ሰብሉ ይደርቃል»

አይደርቅም። ያን ቀን አያድግም፣ በቃ። 4 ቀን የሚፈጅ ፓርስኒፕ (ካሮት የሚመስል አትክልት) አንድ ቀን ቢዘነጋ በ5ኛው ይደርሳል። ሰብል የሚገድለው የወቅት መለወጥ ነው። እያንዳንዱ ወቅት (ጸደይ፣ በጋ፣ መኸር፣ ክረምት) 28 ቀን አለው፤ የጸደይ ሰብል የበጋ 1 ጠዋት ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ስለዚህ ከማጠጫው ይልቅ ካላንደሩን ፍሩ። አበባ ጎመን 12 ቀን ይፈልጋል። ጸደይ 16 የተዘራ በ28 ይደርሳል። በ17 ከዘራችሁት ግን 80 ወርቅ (የጌሙ ገንዘብ) ከፍላችሁ የገዛችሁት ዘር ሄደ ማለት ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ፒየር ይህን አይነግራችሁም። ነጋዴ ነው።

ማጠጫውን ለማሻሻል የሚፈሩም ብዙ ናቸው። አንጥረኛው ክሊንት ጋ 2 ቀን ስለሚቆይ «ሰብሌስ?» ይላሉ። መላው ቤታችሁ ያለው ቴሌቪዥን ላይ ነው። የአየር ትንበያው «ነገ ዝናብ» ካለ ዛሬ አጠጡና ማጠጫውን ይዛችሁ ክሊንት ጋ ሂዱ፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ይዘጋል። የነገውን ዝናቡ ያጠጣላችኋል። ከነገ ወዲያ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሱቁ ሲከፈት ትወስዳላችሁ። ለመዳብ ማጠጫ 2000 ወርቅና 5 የመዳብ ጥፍጥፍ ያዙ። አንድም ሰብል ቀን አያልፈውም።

«እንጆሪውን በዚያው ሌሊት ካልተከልክ ከሰርክ»

ጸደይ 13 የእንቁላል በዓል አለ። የእንጆሪ ዘር እዚያ በ100 ወርቅ ይሸጣል። ከበዓሉ ስትመለሱ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። እኔ በዚያ ሰዓት፣ ጉልበቴ ከማለቁ በፊት ብዬ በጨለማ ስቆፍር፣ ዘሩን በመስመር ሳይሆን እንደ ቆሎ በተንኩት። ጠዋት ተነስቼ ሳየው መሄጃ እንኳ አልነበረውም።

አሁን ቁጭ ብለን እንቁጠር። እንጆሪ በ8 ቀን ይደርሳል፣ ከዚያ በየ4 ቀኑ ያፈራል። በ13 የተተከለ በ21 እና በ25 ይለቀማል። ሁለት ጊዜ። በ16 የተተከለስ? በ24 እና በ28። እሱም ሁለት ጊዜ! ሦስት ቀን ሙሉ ተዝናንታችሁ ብትተክሉ ምንም አይቀርባችሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

የበለጠ ትርፍ ከፈለጋችሁ ከዘሩ ከፊሉን ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። አይበላሽም። በሚቀጥለው ዓመት ጸደይ 1 ከተከላችሁት በ9፣ 13፣ 17፣ 21 እና 25፣ አምስት ጊዜ ትለቅማላችሁ።

«መብራት ከሄደ ሁሉም ነገር ጠፋ»

ይቺ የእኛ አገር ተጫዋች ስጋት ናት። ጌሙ ኮምፒውተር ላይ የሚመዘግበው ስትተኙ ብቻ ነው፤ በመሃል ሴቭ የሚባል ነገር የለም። ግን አንድ ሙሉ የጌም ቀን በእውነተኛ ሰዓት ወደ 14 ደቂቃ ነው። መብራት ሲሄድ የሚሄደው ያ ብቻ ነው። እኔ አንዴ ሁለት ሰዓት የለፋሁበት ዓሣ መንጠቆው ላይ እያለ መብራት ጠፋብኝና ተስፋ ቆረጥኩ። ሲመጣ ያንኑ ቀን ጀመርኩ፣ ያንኑ ዓሣ በመጀመሪያው ሙከራ ያዝኩት።

«ለጎረቤት በየቀኑ ስጦታ ካልሰጠህ አይወዱህም»

ለአንድ ሰው የሚቆጠረው በሳምንት ሁለት ስጦታ ብቻ ነው፤ የልደት ቀን ስጦታ ከዚያ ውጭ ነው፣ የወዳጅነት ነጥቡም 8 እጥፍ። በየቀኑ የሚጠቅመው ሰላምታ ነው። ቆም ብሎ ማነጋገር ብቻውን ነጥብ ያስገኛል፣ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሌላው ስህተት «ውድ ስጦታ ሁሉንም ያስደስታል» የሚለው ነው። ፓምና ልጇ ፔኒ አንድ ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ለፓም ቢራ ብትሰጧት በደስታ ትፈነጥዛለች። ያንኑ ቢራ ለፔኒ ብትሰጡ ያላችሁንም ነጥብ ታጣላችሁ፣ ቢራ አጥብቃ ትጠላለች። ለምን እንደሆነ ቤታቸው ገባ ወጣ ስትሉ ይገባችኋል። ሰሪው አንድ ጠርሙስ ውስጥ የቤተሰብ ታሪክ አስቀምጧል፤ ይሄ ነገር እስካሁን ይገርመኛል።

«ለወይን ጠጅ ምርጡን ፍሬ»

ጠጁ የፍሬውን መነሻ ዋጋ 3 እጥፍ ያወጣል። የፍሬውን ጥራት የሚያሳየው የወርቅ ኮከብ በርሜል ውስጥ ይጠፋል። ኮከብ ያለውን እንዳለ ሽጡ፣ ተራውን ጥመቁ።

«ክረምት ባዶ ጊዜ ነው»

እኛ ክረምት ስንል ዝናብና ዘር ነው የሚታየን። እዚያ በረዶ ነው፣ ደጅ ላይ ሰብል የለም ማለት ይቻላል። ግን ውሃ የሚጠጣ ሰብል ስለሌለ ማጠጫው ክሊንት ጋ ቢከርም ማንም አይጎዳም። 120 ደረጃ ያለው የማዕድን ጉድጓድም በየ5 ደረጃው ሊፍት አለው፤ ያቆማችሁበት አይጠፋም። ዶሮና ላሞችም በረዶ ነው ብለው ሥራ አያቆሙም።

ድርቆሽ ግን ይፈልጋሉ። ብዙ ሰው ዶሮ ገዝቶ ነው ጎተራ የሚያስበው፤ ጎተራ ሳይኖር የታጨደ ሣር እንዲሁ ይባክናል። አንድ ጎተራ 240 ድርቆሽ ይይዛል። የመኸር 28 ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ሜዳው ላይ የቀረውን ሣር በሙሉ እጨዱት። ክረምት ላይ ሣር አያድግም።