«ለቲቪ የተሰራ ሊግ» ምንድን ነው? የሱፐር ራግቢ ባዶ ወንበሮች ነገር

ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ሱፐርስፖርት ከፍቶ ሱፐር ራግቢ (የኒውዚላንድ፣ የአውስትራሊያና የሌሎች አገሮች ክለቦች የሚጫወቱበት የራግቢ ሊግ) ያየ ሰው ይሄን ሳያይ አይቀርም፣ ኒውዚላንድ ላይ ያኔ ምሽት 1 ሰዓት ነው፣ በራግቢ አለም አሉ የሚባሉት ተጫዋቾች ሜዳው ላይ ይጋጫሉ፣ ካሜራው ቀና ባለ ቁጥር ግን ወንበር፣ ወንበር፣ አሁንም ወንበር። እኔማ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር፣ እዛ አገር ራግቢ እንደ ሃይማኖት ነው ሲባል አልነበር እንዴ? ህዝቡ የት ሄደ?

ህዝቡ ራግቢ ጠልቶ አይደለም። ብሄራዊ ቡድኑ ኦል ብላክስ ሲጫወት የኦክላንዱ ስታዲየም ኢደን ፓርክ 50,000 ሰው ይይዛል፣ ጢም ይላል። እንግሊዝም ብትሄዱ የለንደኑ ስታዲየም ትዊክንሃም 82,000 ሰው ነው የሚይዘው፣ በ2025 (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) የሴቶች የአለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝ ከካናዳ ሲጫወቱ 81,885 ሰው ገብቷል። ስለዚህ ችግሩ ያለው ስፖርቱ ጋ ሳይሆን ከሳምንት ሳምንት የሚደረገው የክለብ ሊግ ጋ ነው፣ እሱም ከመነሻው የተሰራው ስታዲየም ለሚገባ ሰው ስላልነበረ ነው።

እንዴት ካላችሁ፣ ጁን 1995 ጆሃንስበርግ ላይ የአለም ዋንጫ ፍጻሜ ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው የኒውዚላንድ፣ የአውስትራሊያና የደቡብ አፍሪካ ፌዴሬሽኖች ከሚዲያው ቱጃር ሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ኒውስ ኮርፖሬሽን ጋር የ10 አመት፣ የ555 ሚሊዮን ዶላር የቲቪ ውል መዋዋላቸውን ተናገሩ። ራግቢ ዩኒየን (በ15 ተጫዋች የሚደረገው፣ እዚህ የማወራው ራግቢ) በይፋ ፕሮፌሽናል፣ ማለትም ተጫዋቹ የሚከፈልበት፣ የሆነው ደግሞ ኦገስት ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ገንዘቡ ቀደመ፣ ፕሮፌሽናሉ ተከተለ፣ ሊጉ (ሱፐር 12 ይባል ነበር) በ1996 ተጀመረ። ለቲቪ የተሰራ ሊግ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው፣ ደሞዝ የሚከፍለው የስርጭት ገንዘብ ስለሆነ ሰዓቱንም፣ ፕሮግራሙንም፣ የቡድኑንም ቁጥር የሚወስነው እሱ ነው፣ በር ላይ ቲኬት የሚቆርጠው ሰውዬ ሲገባ ይገባል ሲቀር ይቀራል።

ሰዓቱን እንይ። ድሮ ራግቢ የቅዳሜ ከሰዓት ነገር ነበር፣ አባት ልጁን ይዞ 8 ወይ 9 ሰዓት ላይ ገብቶ ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። ለቲቪ ግን ጥሩ የሚባለው ሰው ሁሉ እራቱን በልቶ ሶፋ ላይ ሲሆን ነው፣ ስለዚህ ጨዋታው ወደ ምሽት ሄደ። ኒውዚላንድ ላይ ደግሞ ሜይና ጁን ማለት ክረምት መግቢያ ነው፣ ብርድ፣ ዝናብ፣ ዌሊንግተን ከሆነ ነፋሱ ለብቻው። የዌሊንግተኑ ስታዲየም (ሰዉ ከቅርጹ የተነሳ «የኬክ ቆርቆሮ» ይለዋል) ክሪኬትም እንዲጫወቱበት ክብ ተደርጎ ስለተሰራ ተመልካቹ ከሜዳው ይርቃል፣ 34,000 ምናምን በሚይዝ ቦታ 10,000 ሰው ተበታትኖ ሲቀመጥ ድምጹ ራሱ ጠፍቶ ይቀራል። እንደዛ ከመንቀጥቀጥ ቤት ተቀምጦ ማየት ይሻላል፣ ቤት ደግሞ ዳኛው በማይኩ የሚለውን ትሰማለህ፣ ስታዲየም ግን ስክረሙ (የሁለቱ ቡድን አጥቂዎች ተቃቅፈው የሚገፋፉበት) አስሬ ሲፈርስና የቪዲዮ ዳኛው ሲጠራ ምን እንደተፈጠረ ሳይገባህ ብርድ ላይ ትጠብቃለህ። እውነቱን ለመናገር ራግቢ ሲቆም ብዙ ይቆማል፣ ከ80 ደቂቃው ኳሷ የምትንቀሳቀሰው ከግማሽ በታች ነው።

ከሰዓቱም የባሰው ግን መስፋፋቱ ነው። 12 ቡድን 14 ሆነ፣ 15 ሆነ፣ በ2016 18 ደረሰ፣ ከቶኪዮ ሰንዎልቭስ ከቦነስ አይረስ ሀጓሬስ ገቡበት። ለቲቪ አዲስ ገበያ ነው፣ ለደጋፊ ግን ራስ ምታት። ቡድንህ ፕሪቶሪያ ሄዶ ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ ሲጫወት ኦክላንድ ያለኸው አንተ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው የምታየው፣ ሰንዎልቭስ ደግሞ የሜዳው ጨዋታ ተብሎ ሲንጋፖር ላይ የሚጫወትበት ጊዜ ነበር። (የሜዳህ ጨዋታ ሌላ ቦታ ሲደረግ ምን እንደሚሰማ እኛ አይጠፋንም፣ ፕሪሚየር ሊጋችን ከ2020 ጀምሮ በሱፐርስፖርት መታየት ሲጀምር ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች እየዞረ ሆነና የክለቡ ደጋፊ ቡድኑን በቲቪ ማየት ግድ ሆነበት።) የማለፊያ ህጉም ግራ የሚያጋባ ነበር፣ በ2017 የካንቤራው (አውስትራሊያ) ቡድን ብራምቢስ ከ15 ጨዋታ 6 ብቻ አሸንፎ የምድቡ አንደኛ ስለሆነ ሩብ ፍጻሜውን ሜዳው ላይ አደረገ፣ ከሱ እጅግ የሚበልጥ ነጥብ የነበረው የዌሊንግተኑ ሀሪኬንስ ነው ካንቤራ ድረስ የሄደው። ሀሪኬንስ አሸነፈ እንጂ፣ ሰንጠረዡን አይቶ የማይገባው ደጋፊ ለምን ቲኬት ይገዛል?

ኮከቦቹም ቢሆን ሁሌ የሉም። በ2007 ኒውዚላንድ ለአለም ዋንጫ ብላ 22 ተጫዋቾቿን ከሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታዎች አስወጥታ አሳረፈች፣ ሰዉ ከፍሎ ገብቶ የሚፈልጋቸውን አላየም፣ ኦል ብላክስም እዛው ሩብ ፍጻሜ ላይ በፈረንሳይ ተሸንፎ ቀረ።

አሁን ወደ ጁን 14 ቀን 2020 እንምጣ። በኮቪድ ድንበር ተዘግቶ የኒውዚላንድ 5 ቡድኖች እርስ በርስ ብቻ መጫወት ነበረባቸው፣ እሁድ ከሰዓት 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ የኦክላንዱ ብሉስ ከሀሪኬንስ፣ የኦል ብላክሱ ኮከብ ቦደን ባሬት ለብሉስ የመጀመሪያ ጨዋታውን የሚያደርገው በድሮ ቡድኑ ላይ። ኢደን ፓርክ 43,000 ሰው ገባ! እርግጥ ነው፣ ሰዉ ሳምንታት ቤት ተዘግቶበት ስለነበር ምንም ቢመጣ ይወጣ ነበር ማለት ይቻላል፣ እኔም ግማሹን እቀበላለሁ። ግን ቀን ላይ መሆኑ፣ ጎረቤት ከጎረቤት መሆኑ፣ ኮከቦቹ መኖራቸው፣ ህጉ ቀላል መሆኑ፣ ሁሉም በአንዴ የተገኘው ያን ቀን ነው።

ከዛ በኋላ የደቡብ አፍሪካ ቡድኖች ወደ አውሮፓ ሊግ ሄዱ፣ በ2022 የፊጂው ድሩዋና የፓሲፊክ ደሴቶች ተጫዋቾች ቡድን ሞአና ፓሲፊካ ገቡ። ማርች 2023 ፊጂ ውስጥ ላውቶካ ላይ ድሩዋ የኒውዚላንዱን ክሩሴደርስ 25 ለ 24 ሲያሸንፍ ብታዩ፣ ትንሽዬ ሜዳ፣ የቀን ጸሀይ፣ ማሸነፊያዋ ቅጣት ምት ሰዓቱ ካለቀ በኋላ፣ ሰዉ ደግሞ ሜዳው ጠርዝ ድረስ ግጥም ብሎ። ካሜራው ያን ቀን ባዶ ወንበር ቢፈልግም አያገኝም ነበር።