ያረጀና የታመመ ውሻን በመርፌ ስለ ማሳረፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ለዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ግቢ ሲጠብቅ፣ ልጆችን በር ላይ ሲቀበልና የቤተሰቡን ሁሉ ኮቴ ለይቶ ሲያውቅ የኖረ ውሻ አርጅቶ ሲታመም፣ ባለቤቱ ከባድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ሕክምናው ይቀጥል ወይስ በእንስሳት ሐኪም መርፌ ከሥቃዩ ይረፍ? ጥያቄውን የሚያከብደው ኀዘኑ ብቻ አይደለም። ጎረቤትና ዘመድ የሚቀባበሏቸው ብዙ አባባሎች የተሳሳቱ በመሆናቸው፣ አንዱ ባለቤት ሊድን የሚችል ውሻ ያስገድላል፣ ሌላው ደግሞ ማገገም የማይችለውን እንስሳ ለሳምንታት በሥቃይ ያቆየዋል። ከእነዚህ አባባሎች ዋና ዋናዎቹን ከዚህ በታች አንድ በአንድ እንመረምራለን።

«በመርፌ ማሳረፍ ያው መርዝ መስጠት ነው»

ይህ አመለካከት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በከተሞቻችን ባለቤት የሌላቸው ውሾች በስትሪክኒን በተለወሰ ሥጋ ሲገደሉ በዐይኑ ያየ ሰው ጥቂት አይደለም። ስትሪክኒን ጡንቻ ዘና እንዲል የሚያደርገውን የነርቭ መልእክት ስለሚያግድ፣ እንስሳው ነፍሱን እያወቀ መላ ሰውነቱ ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም መተንፈስ አቅቶት ይሞታል። ያንን ያየ ሰው ስለ መርፌው ሲነገረው ቢሰቀጥጠው አይፈረድበትም። የእንስሳት ሐኪም የሚጠቀምበት ፔንቶባርቢታል ግን ከማደንዘዣ መድኃኒቶች ወገን ሲሆን፣ ሥራውን የሚጀምረው ከአንጎል ነው፤ ከሁሉ በፊት ንቃት ይጠፋል፣ ትንፋሽና ልብ የሚቆሙት ከዚያ በኋላ ነው።

አፈጻጸሙን አስቀድሞ ማወቅ ፍርሃትን ይቀንሳል። ሐኪሙ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያረጋጋ መርፌ በጡንቻ ወይም በቆዳ ሥር ይወጋል፤ ውሻው ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ራሱ እየከበደው ይተኛል። ከዚያ የፊት እግሩ ጠጕር በትንሹ ይላጭና ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) በደም ሥሩ ይገባል። ፔንቶባርቢታሉ በዚያ በኩል ሲሰጥ ውሻው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ልቡ ይቆማል፤ ሐኪሙም ይህንን በማዳመጫው ያረጋግጣል። ዐይኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ሽንት ሊያመልጠው ይችላል፤ ከሞተ በኋላም አንድ ሁለት ጊዜ በኃይል የተነፈሰ ሊመስል ወይም ጡንቻው ሊርገበገብ ይችላል። ይህ ንቃት በሌለበት ሰውነት ላይ የሚታይ ምላሽ ነው፤ ቀድሞ ያልተነገረው ባለቤት ግን ውሻው በሥቃይ እንደሞተ አድርጎ ለዓመታት ይጸጸታል። ፔንቶባርቢታል በማይገኝበት ቦታ ፖታሲየም ክሎራይድ ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል፤ ይህ ግን ተቀባይነት የሚኖረው ውሻው አስቀድሞ በማደንዘዣ ሙሉ በሙሉ ራሱን ከሳተ ብቻ ነው፤ ነቅቶ ሳለ ቢሰጠው እጅግ ያሠቃየዋል። ስለዚህ ማንኛውም ባለቤት ሐኪሙን ውሻው በቅድሚያ ሙሉ በሙሉ ይደነዝዝ እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለው፤ ጥያቄውም ሐኪሙን መዳፈር ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

«አርጅቷል፤ ከእንግዲህ ምን ይደረጋል?»

እርጅና በሽታ አይደለም። ትልልቅ ዝርያዎች ቶሎ ያረጃሉ፤ ግሬት ዴን ከ7 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ሲያልፍ፣ ትንንሾቹ 15 ዓመትን ሊሻገሩ ይችላሉ። ዕድሜው የቱንም ያህል ቢሆን ግን ውሻ የሚያነክሰው፣ የሚከሳው ወይም የሚያለከልከው የተወሰነ ምክንያት ስላለው ነው፤ ከእነዚህ ምክንያቶችም ብዙዎቹ ይታከማሉ ወይም ይታገሣሉ። የበሰበሰ ጥርስ ተነቅሎለት እንደገና መብላት የሚጀምር፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዛቸው ማስታገሻዎች፣ በሜሎክሲካም ወይም በካርፕሮፌን፣ ሲታገሥለት እንደገና እስከ በሩ የሚሄድ ውሻ አለ። ሕመሙ ያልታከመ ውሻ ምን ዓይነት ሕይወት ሊኖር እንደሚችል ስለማይታወቅ፣ ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ከውሳኔ በፊት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት የሚደርስ የማስታገሻ ሙከራ ማድረግ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። ለሰው የሚሸጡት ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ፤ በቤት ውስጥ የተገኘውን ክኒን መስጠት ሊታከም የሚችለውን ችግር ወደማይታከም ይለውጠዋል።

በዚህ ርእስ ሥር እጅግ የሚያሳዝነው የሚዛን ነርቭ መታወክ ጉዳይ ነው። አንድ ያረጀ ውሻ ከእንቅልፉ ሲነሣ ድንገት አንገቱ ወደ አንድ ጎን ይዘማል፣ ዐይኖቹ ወደ ጎን እየተመላለሱ ይርገበገባሉ፣ ለመቆም ሲሞክር ይወድቃል፣ ያስመልሰዋል። የሚያየው ሰው ሁሉ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሰሰ፣ አለቀለት ይላል፤ በዚያው ዕለት እንዲገደል የሚወስኑም አሉ። በዕድሜ የገፉ ውሾች ላይ ይህ ምልክት በብዛት የሚመጣው በውስጠኛው የጆሮ ክፍል ካለው የሚዛን ሥርዓት ሲሆን፣ ያለ ልዩ ሕክምና በሦስት ቀን ገደማ ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፤ በሁለትና በሦስት ሳምንትም አብዛኞቹ በደኅና ይሄዳሉ፤ የአንገቱ መዝመም ብቻ ሊቀር ይችላል። እርግጥ የጆሮ ኢንፌክሽን ወይም የአንጎል ችግርም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል ሐኪም ማየት አለበት። ሆኖም ሕይወትን የሚያህል ነገር በመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ መወሰን የለበትም።

«ቢያመው ኖሮ ይጮህ ነበር»

ድንገተኛ ሕመም ውሻን ያስጮኸዋል። ለወራት የቆየ የመገጣጠሚያ፣ የጥርስ ወይም የካንሰር ሕመም ግን በአብዛኛው ድምፅ የለውም፤ የሚታወቀው በልማድ ለውጥ ነው። በሩ ሲንኳኳ ይሮጥ የነበረው አሁን በተኛበት ሆኖ ይጮሃል። ከመነሣቱ በፊት ያመነታል፤ የኋላ እግሮቹን ስለሚጎትት ጥፍሮቹ በሲሚንቶው ላይ ተፍቀው ያልቃሉ። አንዱን መገጣጠሚያ የጠጕሩ ቀለም እስኪለወጥ ይልሳል፣ ሙቀት ሳይኖር ያለከልካል፣ ሌሊት አንድ ቦታ መተኛት አቅቶት ግቢውን ይዞራል። በብዙ ግቢ ይህንን ቀድሞ የሚያውቀው ሌሊቱን አብሮት የሚያድረው ዘበኛ ስለሆነ፣ እርሱን መጠየቅ አይረሳ።

የልብ ድካም ባለበት ውሻ ደግሞ ትንፋሹን መቁጠር ይበጃል። ውሻው በደንብ ተኝቶ ሳለ ጎኑ ከፍ ብሎ ዝቅ ማለቱን እንደ አንድ እየቆጠሩ ለ30 ሰከንድ ማየትና ቁጥሩን በ2 ማባዛት ነው። በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ደኅና ነው፤ በተደጋጋሚ ከዚያ በላይ ከሆነ ሳንባው ውሃ መቋጠር ጀምሮ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም በፍጥነት ሊያውቀው ይገባል። ምርመራ በሌለበት ቦታ እንኳ ማንም ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው።

«እየበላ እስከሆነ ድረስ ገና ነው»

ምግብ አለመቀበል ከባድ ምልክት መሆኑ እውነት ነው፤ መብላቱ ግን ደኅንነቱን አያረጋግጥም። በተለይ ላብራዶር የሚባለውን የውሻ ዝርያ መለኪያ ማድረግ አይቻልም፤ በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከላብራዶሮች ሩብ ያህሉ የጥጋብ ስሜትን የሚያዳክም የዘረመል ጉድለት ስላላቸው፣ ብርቱ ሕመም ላይ ሆነውም ሳህናቸውን ሊልሱ ይችላሉ። አጥንቱ በካንሰር የተበላ ውሻ ሥጋ ሲሰጠው ይበላል። በሌላ በኩል፣ ምግብ የተወ ውሻ ሁሉ መሞቻው ደርሷል ማለትም አይደለም፤ ማቅለሽለሹ በመድኃኒት ሲገታለት ተመልሶ ሊበላ ይችላል።

«ጊዜው ሲደርስ ራሱ በዐይኑ ይነግርሃል»

በዐይኑ ነገረኝ የሚሉ ሰዎችን ቃል አልጠራጠርም። ነገር ግን ይህንን ምልክት የሚጠብቁ ብዙዎች ምልክቱን ሳያዩ ይቀራሉ፤ ለውጡ ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ዐይን ይለምደዋል፤ ባለፈው ዓመት ያስደነግጥ የነበረው ዛሬ የዘወትር ይሆናል። ለዚህ መፍትሔው መመዝገብ ነው። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ካንሰር ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ ያዘጋጁት መለኪያ ሰባት ነገሮችን ይመለከታል፤ እነርሱም ሕመም (የመተንፈስ ችግርን ጨምሮ)፣ መብላት፣ ውሃ ማግኘት፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ እና የመልካም ቀናት ከመጥፎዎቹ መብለጥ ናቸው። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ እንክብካቤውን መቀጠል ይቻላል ማለት ነው። በእኔ እምነት ቁጥሩ ብቻውን ፈራጅ መሆን የለበትም፤ መተንፈስ ያቃተው ውሻ ሌላው ሁሉ ሙሉ ቢሆንለት እንኳ መቆየት የለበትም። ጥቅሙ ያለው ሳምንት በሳምንት እያነጻጸሩ ቁልቁለቱን ማየት ላይ ነው። ይህንን ሁሉ ማድረግ የከበደው ሰው በግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ለመልካም ቀን አንድ ምልክት፣ ለመጥፎ ቀን ሌላ ምልክት ያድርግ፤ ውሻው ከመታመሙ በፊት ከሁሉ አብልጦ የሚወዳቸውን ሦስት ነገሮችም ጽፎ ያስቀምጥ። መጥፎዎቹ ቀናት በዝተው፣ ከሦስቱም አንዱን እንኳ መሥራት ሲያቅተው፣ ሐኪሙን በቁርጥ ለማነጋገር ጊዜው ደርሷል።

«የፈጣሪን ሥራ መሻማት ነው፤ በራሱ ጊዜ ይሙት»

የሃይማኖት ጥያቄ የሚያስጨንቀው ሰው የንስሐ አባቱን ወይም የሃይማኖት መምህሩን ቢጠይቅ መልካም ነው፤ እዚህ ላይ መታረም ያለበት በራሱ ጊዜ የሚመጣ ሞት ሁሉ ለስላሳ ነው የሚለው ግምት ነው። በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ማለፍ አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ኩላሊቱ ሥራ ያቆመ ውሻ መርዛማ ቆሻሻ በደሙ ስለሚከማች ለቀናት ያስመልሰዋል፣ አፉም ይቆስላል። የልብ ድካም ያለበት ሳንባው ውሃ ሞልቶ ተኝቶ መተንፈስ አቅቶት፣ አንገቱን ዘርግቶ ቆሞ ያድራል። በጣፊያው ላይ እብጠት ያለበት እብጠቱ ሲፈነዳ ደሙ ወደ ሆዱ ፈስሶ ድዱ ነጭ ሆኖ ይወድቃል፤ ይህም በእኩለ ሌሊት፣ ሐኪም በማይገኝበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። መጨረሻው እንዲህ እንደሚሆን በምርመራ ከታወቀ፣ ከዚያ ሌሊት ቀድሞ መወሰንን እኔ ለውሻው የሚደረግ የመጨረሻ እንክብካቤ አድርጌ ነው የማየው።

«ከመግደል ወስዶ ራቅ ያለ ቦታ መተው ይሻላል»

አይሻልም። በዕድሜው ሙሉ ተመግቦ ያደገ፣ አሁን ማየትና መሮጥ የደከመ ውሻ ከከተማ ወጣ ብሎ ሲጣል የሚጠብቀው ረኃብ፣ መኪና፣ የሌሎች ውሾች መንጋና ጅብ ነው። ሞቱ አይቀርም፤ የሚቀረው የሰው አብሮነት ብቻ ነው።

«ባለቤቱ ከወሰነ ሐኪሙ መፈጸም አለበት»

የሐኪሙ ኅሊናና የአገሩ ሕግም ድርሻ አላቸው። በጀርመን፣ ለምሳሌ፣ የእንስሳት ጥበቃ ሕጉ አከርካሪ ያለውን እንስሳ ያለ በቂ ምክንያት መግደልን በወንጀል ስለሚቀጣ፣ እዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ውሻው ስላረጀ ብቻ ቢጠይቁ ሐኪሙ እምቢ ሊላቸው ይችላል። የሕክምና ወጪ ከአቅም በላይ መሆኑን ለሐኪም በግልጽ መናገር ግን አያሳፍርም፤ ሐኪሙ አቅምን ሲያውቅ ርካሹን ማስታገሻ ሊያስብ፣ የማይጠቅመውን ምርመራም ሊተው ይችላል።

«ጠባዩ ተለወጠ፣ ሰውም ነከሰ፤ ቶሎ ይወገድ»

ያረጀ ውሻ በሕመም ወይም በአእምሮ መድከም ምክንያት ሊነክስ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ባልጠፋበት አገራችን ግን፣ በተለይ ክትባቱን በወቅቱ ያልወሰደ ውሻ ጠባዩ ድንገት ሲለወጥ፣ ለሃጩ ሲዝረበረብና መዋጥ ሲያቅተው ይህ በሽታ መታሰብ አለበት። የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ የውሻውን መጨረሻ ሳይጠብቅም ለክትባት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከነከሰ በኋላ ለ10 ቀን ተለይቶ ይታያል። መገደል ካለበትም ጭንቅላቱ መመታት የለበትም፤ በሽታው የሚረጋገጠው በአንጎል ምርመራ ሲሆን፣ ይህም በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደረጋል። በችኮላና በስውር ገድሎ መቅበር የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

«ልጆች አያውቁም፤ ገጠር ሄደ ይባላሉ»

ልጆች ሰው ሲዋሻቸው ያውቃሉ። በጣም ታሞ እንደነበር፣ ሐኪሙ ሊያድነው እንዳልቻለና እንዲሞት እንደረዳው በአጭሩ መንገር ይበቃል። ለትንንሽ ልጆች ግን «አስተኛነው» ማለት የራሳቸውን እንቅልፍ እንዲፈሩ ሊያደርግ ስለሚችል ቃሉ ቢቀር ይመረጣል። መርፌው ሲሰጥ ባለቤቱ ከውሻው አጠገብ ይሁን አይሁን ለራሱ የተተወ ነው፤ የሚቻለው ሰው ግን ሐኪሙ ወደ ቤት ይመጣ እንደሆነ ይጠይቅ፤ ውሻው በለመደው ምንጣፍ ላይ፣ የሚያውቀውን ድምፅ እየሰማ ቢተኛ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

«ሬሳው የትም ቢጣል ግድ የለም»

ፔንቶባርቢታል በሬሳው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ይቆያል፤ ያንን ሥጋ የሚበላ አሞራ፣ ጅብ ወይም ሌላ ውሻ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። በቄራዎቻችንና በቆሻሻ መጣያዎች ዙሪያ ከሚያንዣብቡት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች መካከል በዓለም አቀፍ ደረጃ በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ያሉ ስላሉ፣ ወንዝ ዳር ወይም ገደል የተጣለ አንድ ሬሳ የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ከላዩ ቢያንስ አንድ ሜትር አፈር የሚለብስ ጕድጓድ፣ ከውኃ ጕድጓድና ከምንጭ ርቆ፣ አስቀድሞ መቆፈር አለበት፤ በላዩም ድንጋይ ቢደረደርበት ጅብ አያወጣውም። ግቢ የሌለው ሰው፣ በተለይ በውጭ አገር የሚኖር፣ ሬሳው እንዲቃጠል ሐኪሙ ያመቻችለት እንደሆነ ከመርፌው ቀን በፊት ቢጠይቅ፣ በኀዘን ሰዓት ከመሯሯጥ ይድናል።