አዳማ፦ የምህንድስና አቅሟና ለአካባቢዋ የሚተርፈው

አዳማ ባሕር የላትም። ጅቡቲ ወደብ ላይ የተራገፈ ዕቃ ግን አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት በእሷ በኩል ያልፋል። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው ያለችው። ዛሬም ብዙ ሰው ናዝሬት ይላታል። ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚሄደውም፣ ወደ አሰላና ባሌ የሚወጣውም እዚህ ቁርስ ወይም ምሳ ሳይበላ አያልፍም። ስለ ከተማዋ ሲወራ ሆቴሎቿና የስብሰባ አዳራሾቿ ይቀድማሉ። ከዚያ በላይ ሊወራለት የሚገባው ግን በዙሪያዋ የተሰበሰበው የምህንድስና ሥራ ነው። ግድብ፣ ስኳር ፋብሪካ፣ ባቡር፣ የነፋስ ኃይል፣ የእርሻ መሣሪያ ምርምር፣ ዩኒቨርሲቲና ጋራዥ በዚህ ያህል ቅርበት የሚገኙበት ቦታ በአገራችን ብዙ የለም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ የመጣው ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው አሮጌው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ በአዳማ በኩል አልፎ ነበር። ቀጥሎ ስኳር መጣ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ወንጂ ላይ ያቋቋመው ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ፤ ሸዋ የተባለው ሁለተኛው በ1962 ተከተለ። ሁለቱም አርጅተው ከተዘጉ በኋላ ሥራው ዶዶታ ላይ ወደተሠራው አዲስ ፋብሪካ ዞሯል። የስኳር ፋብሪካ ስኳር ብቻ የሚወጣበት ቦታ አይደለም። ቦይለር አለው፣ ተርባይን አለው፣ ፓምፕና የመስኖ ቦይ አለው። አገዳው ተጨምቆ የሚቀረው ገለባ ራሱ እየነደደ ኤሌክትሪክ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሌት ተቀን ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው በአንድ ቀን ሥልጠና አይገኝም።

የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቀቀ። ገንዘቡ ጣሊያን ለጦርነት ካሣ የከፈለችው ነው። የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ከቆቃ የሚወጣው የአዋሽ ውሃ ግን ሥራው እዚያ አያበቃም። ወደ ታች ወርዶ አዋሽ ሁለትን፣ ከዚያ አዋሽ ሦስትን ያንቀሳቅሳል። እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ናቸው፤ አንደኛው በ1966፣ ሌላው በ1971 ሥራ ጀመሩ። ያው ውሃ ሦስት ጊዜ ተርባይን አዙሮ ወደ መስኖ ይሄዳል። ዛሬ ከተሠሩት ግድቦች ጋር ሲተያይ መጠኑ ትንሽ ነው። ሐሳቡ ግን አሁንም ትልቅ ነው።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ከከተማዋ ዳር ባሉት ኮረብታዎች ላይ የሚሽከረከሩትን ነጫጭ ማማዎች በዚያ በኩል ያለፈ ሁሉ አይቷቸዋል። አዳማ አንድ በ2012 በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት ይዞ ተጀመረ። አዳማ ሁለት በ2015 ሲመረቅ 102 ተርባይኖችና 153 ሜጋ ዋት ጨመረ። ድምሩ 204 ሜጋ ዋት ነው። የገነቡት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው። በአማካሪነት ግን የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአሠሪው በኩል ቆመው ሥራውን ተከታትለዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰው ሲገነባ ቆሞ ማየትና ንድፉን እየመረመሩ መጠየቅ ለየቅል ናቸው።

የነፋሱ ትልቅ ጥቅም ከቁጥሩ ይልቅ በወቅቱ ላይ ነው። ክረምት ሲያበቃ ወንዙ ይቀንሳል፣ የግድቡም ውሃ ቀስ በቀስ ይወርዳል። በጋው ላይ ደግሞ ነፋሱ ይበረታል። አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ኃይሏን በአብዛኛው ከውሃ ለምታገኝ አገር እንዲህ ያለው መተጋገዝ ከመቶ ማብራሪያ በላይ ነው።

በመጓጓዣው በኩል የአገሪቱ የመጀመሪያ የፍጥነት መንገድ በ2014 አዲስ አበባንና አዳማን አገናኘ። በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ጥንድ ሐዲድ አለው፤ ከአዳማ ወዲያ አንድ ይሆናል። የሞጆ ደረቅ ወደብ እዚያው መንገድ ላይ ነው። የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2018 ተከፈተ።

ለዚህ ሁሉ ሰው የሚያወጣው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ ተጀመረ። ቆይቶ የቴክኒክ መምህራን ማሠልጠኛ፣ ከዚያ አዳማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ የዛሬ ስሙን በ2011 አገኘ። የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሆኖ መጀመሩ ለእኔ ትልቅ ትርጉም አለው። መነሻው ወርክሾፕ ነበርና።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ከ1969 ጀምሮ እየሠራ ነው። ብዙ ሰው በቦሎቄና በአትክልት ዝርያዎቹ ያውቀዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የእርሻ መሣሪያ ክፍሉ ነው። ስምጥ ሸለቆ ላይ ዝናቡ አጭር ነው፤ ሲመጣም በኃይል መጥቶ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። የመልካሳ ባለሙያዎች ከተለመደው ማረሻ ጋር የሚገጠም፣ በትልሞቹ መካከል ትንንሽ ግድግዳ እያበጀ ውሃውን እዚያው ማሳው ላይ የሚያቁር መሣሪያ ሠርተዋል። በሬው ያው ነው፤ ቀንበሩም ያው ነው። ገበሬው አዲስ ሞተር አይገዛም፤ ነዳጅ አይፈልግም። ለእኔ የፈጠራ ልክ ይህ ነው። በደርግ ዘመን አዳማ ላይ የተቋቋመው የትራክተር መገጣጠሚያም የዚሁ የእርሻ መሣሪያ ታሪክ ሌላው ገጽ ነው።

በመዝገብ የማይገኝ አቅምም አለ። የጅቡቲ መንገድ ተሳቢና ቦቴ ሲበላሽ የሚገባው አዳማ ነው። በዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ጎሚስታው፣ ብየዳ ቤቱ፣ ቶርኖ ቤቱ ተደርድረዋል። መለዋወጫ ጠፍቶ መኪና ሲቆም ቶርኖ የሚይዘው ልጅ አሮጌውን ዕቃ በእጁ አገላብጦ፣ ለክቶ፣ አዲስ ቀርጾ ይሰጣል። ይህ ምህንድስና ነው። ዲግሪ ስለሌለው ከምህንድስና ውጭ ማድረግ ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ይዞ እዚህ ቢገባ፣ ተማሪውም ባለሙያውም ይጠቀማሉ። ተማሪው ስሌቱን ያመጣል፤ ባለሙያው ብረቱ የት ላይ እንደሚሰበር ያውቃል።

የሚሠራው ሥራ ደግሞ ሞልቷል። አንደኛው ፍሎራይድ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም በላይ ፍሎራይድ አለው። ሲበዛ ጥርስ ያበልዛል፤ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንትና አከርካሪ ያጎብጣል። ወንጂ ላይ የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ የኖሩ ሠራተኞች ይህን በአካላቸው ከፍለውበታል። አዳማ ራሷ ከአዋሽ የተጣራ ውሃ በቧንቧ ስለምታገኝ ተርፋለች። በዙሪያዋ ያለው ገጠር ግን ሁሉም ይህ ዕድል የለውም። ማጣሪያው ይታወቃል፤ ከከብት አጥንት የተሠራ ከሰል ፍሎራይዱን ይይዛል። ችግሩ ከሰሉ ሲጠግብ ነው። ማን ይለውጠዋል? ውሃውን ማን ይለካል? ካልተለወጠ ማጣሪያው ባዶ በርሜል ነው። ርካሽ መለኪያና በቀላሉ የሚለወጥ ማጣሪያ መሥራት ኬሚካል መሐንዲስና ብየዳ ቤት አብረው የሚጨርሱት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጎርፍና ደለል ነው። አዳማ በኮረብታ የተከበበ ሜዳ ላይ ናት። አፈሩ እሳተ ገሞራ የተፋው፣ በቀላሉ የሚቦረቦር ነው። ክረምት ላይ ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ መንገዱንም ቤቱንም ያጥለቀልቃል፤ ከተማዋ ስትሰፋና አስፋልቱ ሲበዛ ደግሞ ውሃው የሚሰርግበት መሬት ያንሳል። ከዚያ ላይ ደግሞ ከላይኛው አዋሽ የሚመጣው ደለል የቆቃን ሐይቅ እየሞላው ነው። ሁለቱም የሚጀምሩት ተዳፋት ላይ፣ ዝናቡ መሬት ሲመታ ነው። ስለዚህ የከተማው የፍሳሽ ቦይ ብቻውን አይበቃም። ዳገቱ ላይ ክትርና እርከን ያስፈልጋል። ማሳው ላይ ደግሞ ያ የመልካሳ መሣሪያ አለ፤ በብዛት ተሠርቶ ገበሬው እጅ ቢገባ ውሃው እዚያው ይቀራል። ብረቱን መቅረጽና መበየድ የሚችሉት ወርክሾፖች አዳማ ላይ ናቸው። የሚያስፈልጋቸው ንድፉ፣ ብረቱና ቋሚ ገዢ ነው።