ካታሊስት ዳር ቆሞ ተመልካች አይደለም

ስለ ሽግግር ብረታ ብረቶች (እንደ አይረን ማለትም ብረት፣ ኮባልትና መዳብ ያሉ) ሲነሳ ተማሪው ከመምህሩ፣ መምህሩም ከመምህሩ ሳይጠይቁ የተቀባበሏቸው አባባሎች አሉ። አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት ስላለባቸው ከለየለት ስህተት ይልቅ ለመንቀል ያስቸግራሉ።

«ካታሊስት በለውጡ አይሳተፍም»

ካታሊስት ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ነው፤ ስለ እሱ ከሚባሉት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። መጨረሻ ላይ እንደነበረ ይገኛል ማለትና አልተሳተፈም ማለት ለየቅል ናቸው። በዓይን የሚታይ ማስረጃም አለ። የሮሼል ጨው (ፖታሲየም ሶዲየም ታርትሬት) ሙሙት ላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጨምረው ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያሞቁት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አይታይም። ጥቂት ሮዝ የኮባልት ክሎራይድ ሙሙት ሲጨመርበት ግን ሁሉም አረንጓዴ ይሆንና አረፋ ይደፍቃል፤ ብርጭቆው ትንሽ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ ይገነፍላል። አረፋው ሲያበቃ ሮዙ ቀለም ይመለሳል። አረንጓዴው፣ ኮባልት አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ ቻርጁ ከ+2 ወደ +3 ተሸጋግሮ ሥራ ላይ ሳለ የሚታይበት መልኩ ነው።

ፐርኦክሶዳይሰልፌትና አዮዳይድም ሁለቱም ኔጌቲቭ አዮኖች (ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች) ስለሆኑ ይገፋፋሉ፤ በመካከላቸው የሚካሄደው ለውጥም ይንቀራፈፋል። አይረን +2 ሲገባ ለፐርኦክሶዳይሰልፌቱ ኤሌክትሮን ሰጥቶ +3 ይሆናል፤ ቀጥሎ ከአዮዳይዱ ኤሌክትሮን ተቀብሎ ወደ +2 ይመለሳል። በ+3 ቢጀመርም ይሠራል፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ይገለበጣል።

«ካታሊስት የምርቱን ድርሻ ያሳድጋል»

አያሳድግም። ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን አሞኒያ ሲሠራ አይረኑ ወደፊት የሚሄደውንም ወደኋላ የሚመለሰውንም ለውጥ ያፋጥናል። ሁለቱ ለውጦች እኩል የሚፈጥኑበት ሚዛን ላይ ቶሎ ይደረሳል እንጂ ሚዛኑ ቦታውን አይለቅም።

«ካታሊስት አያልቅበትም»

በወረቀት ላይ ብቻ። ቤንዚን ውስጥ የገባ እርሳስ በመኪና ጭስ ማጣሪያ ውስጥ ያለውን ፕላቲነም ከሸፈነው ማጣሪያው ከጥቅም ውጭ ይሆናል።

«የመዳብ አዮን ሰማያዊ ነው»

ውሃ አልባው የመዳብ ሰልፌት ነጭ ዱቄት ነው፤ በውስጡ ያለውም ያው መዳብ +2 ነው። ሰማያዊ የሚሆነው የውሃ ሞለኪውሎች ሲከቡት ነው። ሙሙቱ ላይ አሞኒያ ጠብ ጠብ ሲደረግ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ዝቃጭ ይወርዳል፤ አሞኒያው ሲበዛ ዝቃጩ ሟሙቶ ሙሙቱ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል። በአሞኒያ ፋንታ ያልቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲበዛበት ደግሞ ወደ ቢጫማ አረንጓዴ ይሄዳል። መዳቡ አልተለወጠም፤ የተቀያየሩት ጎረቤቶቹ ናቸው።

«የአይረን +3 ጨው ሙሙት ገለልተኛ ነው»

አሲድ ነው። ትንሽ ሆኖ ትልቅ ቻርጅ የተሸከመው አዮን በዙሪያው ያለውን ውሃ ኤሌክትሮኖች ወደ ራሱ ስለሚስብ ውሃው የሃይድሮጅን አዮን ይለቃል። ሶዲየም ካርቦኔት ሲጨመር የካርቦን ዳይኦክሳይድ አረፋ ይወጣል፤ ዝገት የመሰለ ቡናማ ሃይድሮክሳይድም ይዘቅጣል። በአይረን +2 ሙሙት ላይ ያንኑ ካርቦኔት ቢጨምሩ ግን አረፋ የለም፤ አረንጓዴ የአይረን ካርቦኔት ዝቃጭ ብቻ ይወርዳል።