ሙዚክ ኮንክሬት ምንድን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ቆሜ በስልኬ ድምፅ ስቀዳ አንድ ዓሣ የሚያጸዳ ልጅ «ቪዲዮ ነው እንዴ?» አለኝ። ድምፅ ብቻ ነው አልኩት። ዞር ዞር ብሎ አየ። ዘፈን የለ፣ ስፒከር የለ። ያለው ቅርፊት የሚፍቀው የራሱ ቢላዋ፣ አሸዋ ላይ የሚጎተት ጀልባና ትርፍራፊ እየጠበቁ መንቆራቸውን የሚያጋጩት አባ ኮዳዎች ናቸው። «የምኑን ነው ታዲያ የምትቀዳው?» አለና ወደ ዓሣው ተመለሰ።

እኔ የፈለግኩት እሱኑ ነበር። ሙዚክ ኮንክሬት የሚባለው የሙዚቃ ዓይነት የሚሠራው ከእንዲህ ዓይነት ድምፅ ነው። ድምፁ ይቀዳል። ከዚያ ይቆረጣል፣ ይደጋገማል፣ ይፈጥናል፣ ይዘገያል፣ ከኋላ ወደ ፊት ይጫወታል። ስሙ ፈረንሳይኛ ነው። ኮንክሬት ሲባል ሲሚንቶና ጠጠር አይምጣባችሁ፤ «ተጨባጭ» ለማለት ነው። የለመድነው ሙዚቃ የሚነሳው ከሐሳብ ነው። ደራሲው ዜማውን ያስባል፣ በኖታ ይጽፈዋል፣ ድምፅ የሚሆነው መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ ድምፁ በእጅህ አለ፤ ሙዚቃውን ከውስጡ ፈልጎ ማውጣት ያንተ ፋንታ ነው።

ስሙን ያወጣው ፒየር ሼፈር ነው፤ የፈረንሳይ ሬዲዮ መሐንዲስ። እ.ኤ.አ. በ1948 ፓሪስ ውስጥ ባቲኞል ባቡር ጣቢያ ሄዶ የባቡሮችን ድምፅ ቀዳ። ከዚያና ከሌሎች ድምፆች የሠራቸው አጫጭር ሥራዎች በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር በሬዲዮ ተላለፉ። ያኔ የሚሠራው በቴፕ ሳይሆን በሸክላ ነበር። የድሮ ሸክላ አንድ ቦታ ላይ ሲነክስ ያችኑ ቁራጭ እየመላለሰ እንደሚያደርቀን ታውቃላችሁ። ሼፈር ይህን ሆን ብሎ አደረገው። መርፌው እዚያው እንዲዞር የሸክላውን መስመር ክብ አድርጎ ዘጋው። የባቡር ኳኳታ አንዴ ስትሰማው ባቡር ነው። አሥር ጊዜ ሲመላለስ ግን ባቡሩን ትረሳዋለህ፤ ጭንቅላትህ ሳይታወቅህ መወዝወዝ ይጀምራል።

መጻሕፍቱ ብዙ ጊዜ ታሪኩን ከዚህ ይጀምሩታል። እኔ ግን ከካይሮ ብጀምረው እመርጣለሁ።

ከሼፈር 4 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1944፣ ሃሊም ኤል-ዳብ የሚባል ግብፃዊ ወጣት ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ መቅጃ ተዋሰ። ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚይዝ፣ ለመሸከም የሚከብድ ዕቃ ነው። ኤል-ዳብ ያኔ የሙዚቃ ሳይሆን የግብርና ምህንድስና ተማሪ ነበር። ይዞት የሄደው ደግሞ ዛር ወደሚወርድበት ቤት ነው። አዎ፣ ዛር። እዚያም ስሙ ያው ነው፤ ከበሮው፣ ዝማሬው፣ ሴቶቹም አሉ። የቀዳውን ወደ ስቱዲዮ ወሰደ። ጉልሁን ድምፅ ቀነሰ፣ በክፍሉ ግድግዳ እያስተጋባ መልሶ ቀዳው። ዛሬ የሚገኘው ቅጂ 2 ደቂቃ ያህል ነው። ሴቶቹ ይዘምራሉ፣ ቃሉ ግን ጠፍቷል። የቀረው የድምፃቸው ጥላ ነው። ማታ ብቻዬን ስሰማው፣ ልዋሽ አልችልም፣ መብራት አብርቻለሁ።

ለእኛ የሚቀርበው ግን ይኼ ብቻ አይደለም። ይኸው ሰውዬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ነው። በየአገሩ ለየብቻቸው የሚጫወቱትን ክራር፣ ማሲንቆ፣ በገና፣ ዋሽንትና ከበሮ አንድ ላይ አስቀመጣቸው። ስሙን የማያውቅ ሰው ሲበዛ ይገርመኛል። እኔም ያወቅኩት ዘግይቼ፣ ሌላ ነገር ስፈልግ ነው።

መስማት ለምትፈልጉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚህ ዘር የሆነ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ብዙው ያሰለቻል። በስልክ ስፒከር ከሰማችሁት ደግሞ አለቀ። ለጓደኛዬ ፒያሳ ካፌ ተቀምጠን እንደዚያ ባሰማው፣ ወደ መንገዱ ዞሮ «የማን ባጃጅ ነው የተበላሸው?» አለ። ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ አጭሩን ምረጡ፣ «ይኼ የምን ድምፅ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጥቂት ጊዜ ተዉት።

ሼፈር ያደረገው ሌላ ሙከራ ነበር፤ እሱን በስልክም መሥራት ይቻላል። ደወል ቀድቶ መነሻ ምቱን ቆርጦ ጣለው። እኔም የገብርኤልን ደወል ንጋት ላይ በመስኮት ቀዳሁ። ነጻ የድምፅ መቁረጫ አፕ ላይ ከፈትኩትና «ድው» የምትለዋን፣ ግማሽ ሴኮንድ የማትሞላ ነገር፣ አጠፋሁ። የቀረው ብረት ብረት አይልም። ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ቀስ ብሎ ይገባና ቀስ ብሎ ይሄዳል። ያንኑ የባጃጁን ጓደኛዬን አሁን በማዳመጫ አሰማሁት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማና «ዋሽንት መማር ጀመርክ እንዴ?» አለኝ።